ሦስት ጠማማ መቀመጫዎች

ሰኞ፣ የካቲት 3

ሥራው ወደ እኔ መጣ። ወደ ማን ሊሄድ ኖሯል? በዚህ ከተማ የሞተር መቀመጫ የሚሠራ ሰው ሞልቷል። ሌሎቹ ግን ስፖንጅ ይቆርጣሉ፣ ቆዳ ይወጥራሉ፣ በቃ። እኔ መጀመሪያ እነዳለሁ፣ ከዚያ እቆርጣለሁ።

ሰው በሞተር ሳይክል አገር የምታስጎበኘው ሴት፣ እኔ በአጭሩ አስጎብኚዋ የምላት፣ ዛሬ ጠዋት ሦስት አዳዲስ የረጅም መንገድ ሞተሮች አስጭና ወርክሾፔ ድረስ መጣች። አስፋልቱንም ጠጠሩንም የሚሄዱ፣ ሳጥን የሚሸከሙ፣ ትልልቅ። ሦስቱም የተለያየ ፋብሪካ ሥራ ናቸው።

«ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ ቢነዳ ሰው የማይጎዳውን ይምረጡልኝ» አለች። «እሱን ዓይነት ለሁላችንም እገዛለሁ። መቀመጫውን ደግሞ እንደሚያውቁት አድርገው ይሠሩልናል።»

«ሌላስ?» አልኩ፤ ፊቷ ላይ ሌላ ነገር ነበር።

«ግንቦት ላይ ወደ ባሕሩ ስንወርድ ከፊት የሚመራን እርስዎ ነዎት። ያንን መንገድ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።»

እውነቷን ነው፣ የለም። በጎረምሳነቴ ስንት ጊዜ ወርጄዋለሁ! ጠመዝማዛው ሲያልቅ ባሕሩ ድንገት ከፊት ሲዘረጋ ሰው ሳያስበው ነዳጅ ለቆ ይፈጥናል። ያንን አንድ ጊዜ ደግሜ ከፊት ሆኜ ካየሁ ሌላ ነገር አልጠይቅም።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት።

«ከፊት?» አለች።

«ከፊት።»

ካልሲዎቼን ጥንድ ጥንዱን እየለየች ነበር፤ ቀና አላለችም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ስም አወጣሁላቸው። ዝቅ ያለችው በቅሎዋ፣ ረጅሟ ግመሏ፣ ያ ግዙፉ አጋሰሱ። መካኒኩ «ፋብሪካዎቹ ቢሰሙህ ይከሱሃል» አለ። ከመካኒኩ ጋር ግቢ እንጋራለን፤ ከወጣትነታችን ጀምሮ ሳንሰዳደብ የዋልንበት ቀን ካለ አንዳችን ታሞ ነው። ሞተር ይፈታል ይገጥማል እንጂ መንዳት አይወድም። ሆዱ ነዳጅ ታንኩን ይገፋዋል።

አሠራሬን አንድ ቦታ ጽፌ ላኑረው፣ አንድ ቀን የሚጠይቅ ከመጣ። ለስላሳ የሸክላ ጭቃ በወፍራም ላስቲክ አድርጌ መቀመጫው ላይ እዘረጋለሁ። ነጂው እንደሚነዳ ሆኖ ይቀመጥበታል። ሲነሳ የቂጥ አጥንቶቹ ሁለት ጉድጓድ ትተው ይነሳሉ። የጎደጎደው ቦታ ክብደት የበዛበት ነው፤ ከዚያ ሥራው የስፖንጅና የቢላ ነው። ሰው «ይመቸኛል» ብሎ ሊዋሽ ይችላል፣ ጭቃ አይዋሽም።

ለብዙ ሰው የሚሆን መቀመጫ ስሠራ ደግሞ ልኩ እኔ ነኝ። አጭር አይደለሁ፣ ረጅም አይደለሁ፣ ከሲታ አይደለሁ፣ ወፍራም አይደለሁ። መካኒኩ «የከተማው ሁሉ ቂጥ ያንተ ነው» ይላል። ያስቀዋል፤ እውነትም ነው።

አርብ፣ የካቲት 7

በቅሎዋን ነዳሁ። ስሄድ እስከ ግድቡ በአስፋልቱ፣ ስመለስ በጠጠሩ።

ሁለቱም እግሬ መሬት ይረግጣል። መሪዋ ቅርብ ነው፣ ትከሻ አይወጠርም። የንፋስ መከላከያዋ አጭር ስለሆነ ንፋሱን ሰብስቦ ግንባሬ ላይ ይለቀዋል፤ ሄልሜቴ ውስጥ ከበሮ ሲመታ ነው የዋለው። እሱ በረጅም መስታወት ይፈታል። መርገጫዋ ለመቀመጫው ቀርቧል፣ ጉልበት ይታጠፋል፤ መቀመጫውን ከፍ በማድረግ ይፈታል።

አንድ ትልቅ ጉድለት አገኘሁባት፤ መቀመጫው ጠማማ ነው። ወደ ግራ ያዘነብላል። ጭቃው ላይ የግራው ጉድጓድ ጠልቆ የቀኙ ለምልክት ያህል ነው የነካው። እንዲህ ያለ ሞተር ይዘው አደባባይ መውጣታቸው ይገርማል።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ግመሏ። እውነቱን ለመናገር ምርጥ ናት። እግር ይዘረጋል፣ ቆሞ መንዳት እንደ መራመድ ነው፣ መስታወቷ ንፋሱን በራስ ላይ አሳልፎ ይሰደዋል። መቀመጫዋ ከፊት ቀጠን ስለሚል ጭን አይከፍትም። አስጎብኚዋ አጭር ናት፤ ግመሏ ላይ ስትወጣ በእግር ጣቷ ቆመች። «አፓርታማ ነው እንዴ ያመጣሁት?» አለች።

የግመሏ ጥፋት የጎን ሳጥኖቿ ናቸው። ወደ ውጭ በጣም ወጥተዋል። ቀኝ እግሬን ሳሻግር ሁለት ጊዜ ሳጥኑ ያዘኝ፤ በሁለተኛው ከነሞተሩ ልወድቅ ነበር። መካኒኩ ሮጦ ያዘልኝ።

«ሳጥኑ ትናንትም እዚሁ ነበር» አለ።

«ለዚህ ነው እኮ ፋብሪካ የምወቅሰው» አልኩት።

የእሷም መቀመጫ ወደ ግራ ያዘነብላል። እኔ ምን ላድርግ?

(ባለቤቴ ከአልጋው አጠገብ ወንበር አስቀምጣለች። ልብስ መስቀያ ልታደርገው መሰለኝ። ጠዋት ካልሲዬን የማደርገው እሱ ላይ ነው፣ አመቺ ነው።)

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

አጋሰሱ። ሶፋ ነው። ሰው ረጅም መንገድ ሄዶ ሳይሰነጠቅ ይወርዳል። መሪው ሰፊ ነው፣ እጅ አይደነዝዝም። ግን ሞተሩ ሙቀቱን ቀኝ ጭን ላይ ይተፋል፤ ከሰዓት በኋላ ከወገቤ በታች በስተቀኝ ያለው ሁሉ ሲነድ ነበር። ማታ ከወረድኩ በኋላም ነደደ። እንዲህ ያለ ሙቀት አይቼ አላውቅም፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሰውየው የሚነድ።

መቀመጫው? ወደ ግራ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ነገሩ ከነከነኝ። ሦስት ፋብሪካ፣ አንድ ስህተት።

መካኒኩ ውሃ ልክ አምጥቶ ሦስቱም መቀመጫ ላይ አጋደመው። አረፋዋ መሐል ቁጭ አለች፤ ሦስቱም ላይ።

«ቀጥ ነው» አለ።

«ላዩ ቀጥ ነው። እኔ የማወራው ስለ ውስጡ ነው። ስፖንጁ በግራ በኩል ለስልሶ ነው የተሠራው፣ ሰው ሲቀመጥ ይሰምጣል። ያንተ ውሃ ልክ ቂጥ የለውም።»

ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ እግሬ አየ። ከዚያ ውሃ ልኩን በጨርቅ ጠርጎ ሄደ። ተሸንፎ ዝም ሲል ደስ ይለኛል።

አስቤ ደርሼበታለሁ። መንገድ ለውሃ መውረጃ ተብሎ ወደ ዳር ዘመም ተደርጎ ነው የሚሠራው። ሙከራ ነጂዎቻቸው ያንን መንገድ ሲመላለሱበት ሰውነታቸው ለምዶታል፣ ለእነሱ ያ ቀጥ ነው። ሰው ራሱ ተጣሞ ሲለካ ሁሉም ነገር እንዲህ ይሆናል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ለአስጎብኚዋ ውሳኔዬን ነገርኳት፦ በቅሎዋ። ሁሉም ሰው ያለ ችግር ይወጣባታል። መስታወቷን እናስረዝማለን። ከነጂዎቿ አንዱ፣ ቀውላላው የሚሉት፣ «ጋሼ፣ ጉልበቴ ጆሮዬን ይነካል» ብሎ አጉረመረመ። ለእሱ መቀመጫውን ከፍ አደርግለታለሁ።

«ግመሏን ግን በጣም አመስግነው አልነበር?» አለችኝ አስጎብኚዋ።

«መውጣቷ አስቸጋሪ ነው።»

«እኔስ አጭር ነኝ። ለእርስዎም?»

«ለሁሉም» አልኩ።

ለነጂዎቹ እግርና ክንድ ለካሁ። በጭቃ ላስቀምጣቸው አሰብኩና ተውኩት። ጥፋቱ የመቀመጫው መሆኑን ካወቅኩ በኋላ ምን ያደርግልኛል?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ስፖንጅ። ሙጫ። ቆዳ። እጄ ሁሉ ሙጫ። ስድስት መቀመጫ፣ ለአስጎብኚዋ፣ ለአራቱ ነጂዎቿና ለእኔ፤ ሁሉም ከግራ በኩል ጠንካራ ስፖንጅ ተጨምሮባቸው አንድ ጣት ያህል ከፍ አሉ። ስፌቱን ያየ ሰው አፉን ይይዛል።

የመጀመሪያውን ጨርሼ ገጥሜ ተቀመጥኩበት። ጭቃ አላስፈለገኝም። እንዴት እንደሚያርፍ! ያ ማቃጠል ጠፋ። ከወራት ወዲህ እንዲህ ተመችቶኝ አያውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁ። መካኒኩ «የተኛ ሰው መሰልክ» አለኝ። ይህ የሕይወቴ ምርጥ ሥራ ነው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4

ትናንት ለሙከራ ወጥተው ነበር፣ ዛሬ ተመለሱ። እኔ መቀመጫ እየሰፋሁ ስለነበር አልሄድኩም።

ቀውላላው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ወረደ። አስጎብኚዋ ስትራመድ አንድ እግሯን ትጎትታለች።

«ጋሼ፣ ሥራዎት በጣም ያምራል» አለች።

«ግን?»

«ወደ ቀኝ ይጥለኛል። ቀኑን ሙሉ ራሴን ወደ ግራ ስጎትት ዋልኩ።»

«አቀማመጥሽ ነው» አልኳት። «ጀርባሽን ታጎብጫለሽ።»

«የእኔስ?» አለ ቀውላላው።

«አንተ ሞተር ላይ የምትቀመጠው ወንበር ላይ ገንዘብ እንደጠፋበት ሰው ነው።»

ሳቁ። ከዚያ የቀሩት ሦስቱ መጡ። ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ።

ጥሩ ሥራ ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። እንዲህ ብዬ ሸኘኋቸው።

እሑድ፣ ሚያዝያ 5

አልተኛሁም ማለት ይቻላል። በግራ ጎኔ ብቻ ስለምተኛ ይሆናል።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6

ሁሉንም ጠራኋቸው። ያልተነካውን፣ የፋብሪካውን መቀመጫ በቅሎዋ ላይ ገጠምኩ። ጭቃውን አዲስ አቡክቼ ዘረጋሁ። የፋብሪካውን ጠማማነት ዓይናቸው እያየ ላሳያቸው ነበር።

አስጎብኚዋ ተቀመጠች፣ ተነሳች። ሁለት ጉድጓድ፣ እኩል።

ጭቃውን አስተካከልኩ። ቀውላላው። እኩል። ሌሎቹም ተራ በተራ። እኩል፣ እኩል። መካኒኩን «ና፣ አንተም» አልኩት፤ የመጨረሻ ተስፋዬ እሱ ነበር። እየተነፋፋ ወጣ። ጉድጓዶቹ ለእኛ ለሁለታችን የሚበቁ ነበሩ፣ ግን እኩል።

ማንም ምንም ሳይለኝ እኔ ወጣሁ። ቀኝ እግሬን ለማሻገር በእጄ አነሳሁት። በእጄ እያነሳሁት መሆኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ከመቼ ጀምሮ እንደማነሳው አላውቅም። ተቀምጬ ወረድኩ። በግራ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ። በቀኝ አውራ ጣት የነካው የሚመስል።

ቀውላላው እንኳ አልቀለደም፣ እሱ ነው የባሰው።

«ጭቃው ደርቋል» አልኩ።

አልደረቀም ነበር። እጄ ላይ ያለው እርጥብ ነው።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ብቻዬን ደግሜ አቡክቼ ደግሜ ተቀመጥኩ። ስነሳ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ መካኒኩ ሳይደውልላት አልቀረም። ቀረብ ብላ ጭቃውን አየች። ምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ከእኔ ጋር ስትኖር ጭቃ ማንበብ ተምራለች። ጣቷን በቀኙ፣ በዚያ በጎደለው ላይ በቀስታ አሳረፈች።

«የሚያምህ ይሄኛው ነው አይደል?» አለች።

አፌን ከፍቼ «ሙቀቱ ነው» ልላት ነበር። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንቺ ታውቂያለሽ እንጂ።»

«ካልሲህን ቆመህ ማድረግ ካቆምክ ዓመት አልፏል። እስክትነግረኝ ጠበቅሁ።»

አፈርኩ። ከሁሉ ይልቅ ግን ፈራሁ፤ ባሕሩን ነው ያሰብኩት። አምስት ሰው ጠማማ አድርጌ ወደዚያ መንገድ ልልክ ነበር፤ ጠመዝማዛው ላይ ወደ ቀኝ እየጣላቸው፣ ከእነሱ ፊት እኔ ተመችቶኝ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ሐኪም ቤት። ፎቶ አነሱኝ። ሐኪሟ ተማሪ ልጅ የምታህል ናት፤ ሥዕሉን ብርሃን ላይ ሰቅላ የቀኝ ዳሌዬን መገጣጠሚያ አሳየችኝ። ተበልቷል። በመሐል መኖር የነበረበት ለስላሳ ነገር አልቋል፣ አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል።

«ስፖንጁ አልቋል ማለት ነው» አልኳት።

ሳቀች። «በትክክል። አዲስ እንገጥምልዎታለን።»

ግንቦት መጀመሪያ ላይ ቀጠሮ ያዘችልኝ። ሞተር ስላት እስከ ክረምቱ መጨረሻ አይታሰብም አለች። ቀኑን ወደ ፊት መግፋት ይቻል እንደሆነ ጠየቅኋት። ባለቤቴ አጠገቤ ሆና ወደ መስኮቱ ዞረች። «ግዴለም፣ ይሁን» አልኩ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

አስጎብኚዋን ራሴ ሄጄ ነገርኳት። ሌላ ሰው እንዲነግራት አልፈለግሁም።

«ሞተሩን የመረጥኩልሽ እግሬን ማንሳት ስላቃተኝ ነው። መቀመጫዎቹን የቆረጥኳቸው በታመመ ዳሌ ነው። ሁሉንም እንደገና እሠራቸዋለሁ፣ እያንዳንዱን በየባለቤቱ ጭቃ። ለቀውላላው ግመሏን ግዢለት፣ ለእሱ የተሠራች ናት። ከፊት ደግሞ አንቺ ሁኚ።»

«ጉዞውን እስኪድኑ ላቆየው እችላለሁ» አለች።

እሺ ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር።

«ዝናብ ይገባና መንገዱ ይበላሻል» አልኩ። «ሂዱ። ጠመዝማዛው ሲያልቅ ነዳጅ አትልቀቂ፣ አሸዋ አለ።»

ቤት ገብቼ ሆድ ባሰኝ። ይኼን መጻፍ አልፈልግም ነበር፣ ግን ሆድ ባሰኝ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25

እየሠራሁ ነው። ተቀምጬ ሳይሆን ቆሜ፣ በግራ እግሬ። እያንዳንዳቸውን በጭቃ አስቀመጥኩ። ሰው ሁሉ የተለያየ መሆኑን እስከ ዛሬ አለማወቄ! አስጎብኚዋ ትንሽ ወደ ፊት ትቀመጣለች፣ ከፊት ጠበብ አደረግሁላት፣ እግሯ መሬት ደረሰ። የቀውላላው ጉድጓዶች የተራራቁ ናቸው፣ ከኋላ አሰፋሁለት። ከዚህ አሠራር ጋር ሲተያዩ ከዚህ በፊት የሠራኋቸው ሁሉ የልጅ ሥራ ናቸው። አሁን ነው የከተማው ምርጥ የሆንኩት፤ ድሮ ዝም ብዬ ነው የምለው የነበረው።

መካኒኩ «ቂጥህን ከሥልጣን አወረዱት» አለኝ። ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ መጀመሪያ የሰደበኝ ዛሬ ነው። ደስ አለኝ።

ከጠማማዎቹ አምስቱን ፈታሁ። ስድስተኛውን፣ መጀመሪያ የሠራሁትን፣ አልፈታሁትም። መካኒኩ ብረት በይዶ እግር አወጣለት፣ የወርክሾፕ ወንበር ሆነ። እሱ ላይ ስቀመጥ አያመኝም። በዓለም ላይ ለአንድ ሰው ብቻ ልክ የሆነ መቀመጫ ነው።

እሑድ፣ ግንቦት 3

ዛሬ ጠዋት ወጡ። በወርክሾፑ በኩል አልፈው ጡሩንባ ነፉልኝ። አስጎብኚዋ ከፊት ነበረች፣ ጀርባዋ ቀጥ ብሎ። የቀሩትም ቀጥ። ከኋላ አየኋቸው፤ አንድም ወደ ጎን ያዘነበለ የለም።

ባለቤቴ ክንዴን ይዛ «እየቀናህ ነው» አለች።

«በጣም» አልኳት።

ነገ ሐኪም ቤት እገባለሁ። ደብተሩን አልወስድም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 15

ምርኩዙን ከጣልኩት ሳምንት ሆነኝ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ወርክሾፕ ሄድኩ። ሁሉም አቧራ ለብሷል። መካኒኩ መቀሴን ሰርቆ ጋራዡ ውስጥ ሲጠቀምበት አገኘሁት፣ ተሰዳደብን።

ከዚያ ያ ወንበሬ ላይ፣ ጠማማው ላይ፣ ቁጭ አልኩ። ሥራ ልጀምር ብዬ፣ ሌላ ምንም ሳላስብ።

ወደ ቀኝ ጣለኝ።

ተነስቼ ደግሜ ተቀመጥኩ። ወደ ቀኝ። በጣም አይመችም። ይኼን ሠርቼ ሰው ላይ መጫኔ ይገርማል፣ አንድ ሰዓት አይቀመጡበትም።

ለባለቤቴ ደወልኩላት። ምን ሆንክ ብላ ደነገጠች።

«ያ ወንበር ጠማማ ነው» አልኳት።

ትንፋሿ በስልኩ ተቆራረጠ። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች መለየት አልቻልኩም።

«ነገ ጠዋት» አለች በመጨረሻ፣ «ካልሲህን ቆመህ አድርግና እኔ ልይህ።»